ከትንፋሽ ማጠር እስከ ስትሮክ፦ በመካከል ያለው ልብ

ጎንደር ውስጥ ሰው በድንገት ሲያርፍ ለቅሶ ቤት የሚነገረው ምክንያት አንድ አይሆንም። አንዱ «ስትሮክ ነው የገደለው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ልቡ ነው ቀጥ ያለው» ብሎ ያርማል። ከቤተሰቡ መካከል ደግሞ «ቀድሞም ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ አስም ነው ተብሎ ፓፍ ይስብ ነበር» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ከሦስቱ የትኛው ነው የሚል ነው። ሦስቱም የአንድ ሕመም የተለያዩ ደረጃዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን ብዙም አይታሰብም።

በሕክምናው ዓለም የአንጎል፣ የልብና የሳንባ ትስስር አዲስ ነገር አይደለም። አከራካሪው ነገር በእያንዳንዱ አካባቢ ሰንሰለቱ ከየት ይጀምራል፣ በየትኛውስ ቀለበት ላይ ሊበጠስ ይችላል የሚለው ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ላለው ሕዝብ መልሱ በአብዛኛው ከትንፋሽ ማጠር ይጀምራል። ትንፋሽ ማጠር ስትሮክ ከመድረሱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። «አስም ነው»፣ «ብርድ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ግን የሚቀረው ዕድል እየጠበበ ይሄዳል።

ስትሮክ ምንድን ነው?

ስትሮክ ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ወይ የደም ሥሩ በረጋ ደም ይዘጋል፣ ወይ ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። በዓለም ደረጃ ከአሥር ስትሮኮች ስድስት ያህሉ የመዘጋቱ ዓይነት ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የመፍሰሱ ዓይነት ድርሻ በበለጸጉት አገሮች ካለው ይበልጣል፤ ለዚህም በዋናነት የሚጠቀሰው ሳይታወቅና ሳይታከም የሚቆይ የደም ግፊት ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ትርፍም የለውም። ልብ ደሙን በሚገባ ካልረጨ፣ ሳንባም ደሙን በኦክስጅን ካልሞላ፣ ጉዳቱ ፈጥኖ የሚያገኘው አንጎልን ነው።

ልብ ሲደክም ለምን ትንፋሽ ያጥራል?

ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የሚመለሰው ደም የሚገባው ወደ ግራው የልብ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ደሙን ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ሳንባ ነው። በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «የልብ ድካም» ይሉታል። ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሥራውን በሚፈለገው መጠን መሥራት አቃተው ማለት ነው።

ታማሚው የሚሰማው ግን ልቡ አካባቢ ሕመም አይደለም። ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፤ ጋደም ሲል ይታፈናል፤ ሁለት ሦስት ትራስ ደራርቦ ይተኛል። ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሥቶ በር ወይም መስኮት ይከፍታል። ቆይቶም እግሩ ያብጣል፤ ጫማ አልገባ ይለዋል። አስም ግን ብዙ ጊዜ ከልጅነት ወይም ከወጣትነት ይጀምራል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በአቧራ፣ በጠንካራ ጠረን ወይም በብርድ ይቀሰቀሳል። ይህም ቢሆን በምልክት ብቻ ቁርጥ ያለ ልዩነት ማድረግ አስተማማኝ አይደለም። በልብ ድካም ምክንያት ሳንባው ፈሳሽ የቋጠረ ሰውም ልክ እንደ አስም ሕመምተኛ ደረቱ ሲር ሲር ሊል ይችላል። በአርባዎቹ ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «አስም ጀመረህ» የተባለ፣ በተለይም እግሩ የሚያብጥ ሰው፣ ልቡ ሳይመረመር ለዓመታት ፓፍ ብቻ እየተሰጠው መቆየት የለበትም።

ከጉሮሮ ሕመም እስከ አንጎል

«ቶንሲል ልብ ይገባል» የሚለው አባባል በከተማውም በገጠሩም ይታወቃል። በመሠረቱ እውነትነት አለው፤ የሚሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን የልብ ቫልቮች ማጥቃት ይጀምራል። ቫልቭ ማለት ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈትና የሚዘጋ የልብ በር ነው። በአካባቢያችን ልጁ ሲያመው እንጥል ማስቆረጥ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ የደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ቫልቩን ከጉዳት የሚያድነው በጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው።

ጉዳቱ ለብዙ ዓመታት በዝምታ ይቆያል። በግራው የልብ ክፍል ላይኛውንና ታችኛውን የሚያገናኘው ቫልቭ እየጠነከረና እየጠበበ ሲሄድ፣ ላይኛው ክፍል ያልተላለፈውን ደም ይዞ ይለጠጣል። የተለጠጠው ግድግዳ ምቱ ይዛባል፤ በሥርዓት ከመኮማተር ይልቅ ይርገበገባል። ይህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል፤ የእጅ አንጓ ላይ ምቱን የሚቆጥር ሰው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ፣ ምንም ሥርዓት ሳይኖረው ሲመታ ያገኘዋል። በላይኛው ክፍል ጎን ላይ ትንሽ ኪስ አለች፤ ደሙ እዚያ እንደቆመ ውሃ ይተኛል፣ ይረጋል። ከረጋው ደም ቁራጭ ሲላቀቅ በታችኛው ክፍል አልፎ፣ በአንገት ሥሮች በኩል ሽቅብ ይሄድና አንጎል ውስጥ አንዱን ሥር ይዘጋል። ለቅሶ ቤት ሦስት ስም የተሰጠው ነገር ሙሉ መንገዱ ይህ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጠረውና አንጎልን የመታው ያው አንድ የጠበበ ቫልቭ ነው።

የአደጋው መጠን ከባድ ነው። በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም ከተማ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው ጥናት፣ ያለ ቫልቭ ሕመም የሚመጣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የስትሮክን ዕድል ከ5 እጥፍ በላይ፣ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲጣመር ግን ከ17 እጥፍ በላይ ከፍ አድርጎት ታይቷል። በበለጸጉት አገሮች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። እኛ ዘንድ ግን ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶችም ላይ ይታያል፤ ስትሮክም ስለዚህ የሽማግሌ ሕመም ብቻ አይደለም። በተለይ ሴቶች በእርግዝና ወቅት ይጋለጣሉ። በእርግዝና የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ስለሚጨምር፣ እስከዚያ ድረስ ችሎ የኖረው ጠባብ ቫልቭ ጭነቱን መሸከም ያቅተዋል። ነፍሰ ጡሯ ትንፋሽ ሲያጥራት «እርግዝናው ነው» ይባላል፤ እውነትም ብዙ ጊዜ እርግዝናው ይሆናል። ጋደም ማለት ካቃታት ግን ሳትመረመር ልትታለፍ አይገባም።

የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ዳግም እንዳይያዝ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል። እዚህ ላይ ሁለት የሚጋጩ አስተያየቶች አሉ። አንዱ ወገን መርፌው ስለሚያስፈራ፣ «ሰው ይገድላል» ስለሚባልም ከነጭራሹ ይሸሸዋል። ሌላው ወገን ለሁሉም ያለ ልዩነት መሰጠት አለበት ይላል። ከባድ የፔኒሲሊን አለርጂ የሚከሰተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች አንዳንዶቹ በአለርጂ ሳይሆን በጣም የተዳከመ ልብ የመርፌውን ሕመምና ድንጋጤ መቋቋም አቅቶት ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል፤ ቫልቫቸው ክፉኛ ለተጎዳ ወይም ከባድ የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብላቸውም መክሯል። ከመርፌው የሚጠቀሙት ልጆች እጅግ የሚበዙ ስለሆኑ ፍርሃቱ መርፌውን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ግን የልቡ ሁኔታ መታወቅ አለበት።

ምቱ የተዛባበትና ቫልቩ የጠበበ ሰው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይታዘዝለታል። አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ይህን መድኃኒት በብዙ ቦታ ተክተውታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የሩማቲክ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ለእነዚህ ሰዎች ዋርፋሪንና መሰሎቹ እንደሚሻሉ አሳይቷል። የዋርፋሪን ችግር ልኩን መጠበቁ ነው። ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው አይኤንአር የተባለ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ደም ይፈሳል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። በዐቢይ ጾም ወጡ በድንገት ወደ ጎመን ሲያደላ፣ በፋሲካ ደግሞ በድንገት ሲቀር፣ ልኩ ሊዋዥቅ ይችላል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ማድረግና ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራውን አለመዝለል ነው።

ግፊት

የደም ግፊት ከሁሉም የስትሮክ መንስኤዎች ትልቁ ነው። በተደጋጋሚ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ሥሮችን በውስጥ ያቆስላል፤ ልብ ከጭነቱ ብዛት ግድግዳው እንዲወፍርና ኋላም እንዲደክም ያደርጋል። ስለዚህ እሱም እንደ ቫልቩ ሕመም በአንድ በኩል ትንፋሽ ያሳጥራል፣ በሌላ በኩል አንጎልን ይመታል።

«ግፊቴ ሲነሣ ይታወቀኛል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ግፊት በአብዛኛው ምልክት የለውም። በዓለም 1.3 ቢሊዮን ገደማ ጎልማሶች ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ግን አያውቁትም። ራስ ምታት ሲሰማ መድኃኒት መውሰድ፣ ደህና ሲሆኑ መተው የሕመሙን ባሕርይ አለማወቅ ነው። የላይኛውን ቁጥር በ5 ነጥብ ብቻ ዝቅ ማድረግ እንኳ ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋዎችን በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በርካታ ሙከራዎችን ያጣመረ ትንተና አሳይቷል።

የማድ ቤቱ ጭስ

ጭስ ሳንባን እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል። የልብና የአንጎል ጉዳይ መሆኑ ነው እምብዛም የማይነገረው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ 32 በመቶው በልብ የደም ሥር ሕመም፣ 23 በመቶው በስትሮክ ነው። የሳንባ ምች 21 በመቶ፣ የመተንፈሻ ቱቦዎችን ቀስ በቀስ የሚያጠበው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ደግሞ 19 በመቶ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ሞት የመጣው ከሳንባ በሽታ አይደለም ማለት ነው።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ምጣዱ ላይ ካዞረች በኋላ አክንባሎውን ከድና ጎንበስ ትላለች፤ ጭራሮውን ወይም ኩበቱን ወደ ውስጥ ትገፋለች፤ እሳቱ ሲደክም እፍ ትላለች። ጭሱ በጣም የሚወፍረው እሳቱ ገና ሳይያዝ ወይም ሲደክም ነው፤ ፊቷ ለምድጃው የሚቀርበውም በዚያው ቅጽበት ነው። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ከጭሱ ውስጥ ያሉት በጣም ደቃቅ ብናኞች እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃሉ፤ በሚቀሰቅሱት ብግነትም (የሰውነት መቆጣት) የደም ሥሮች ይጠነክራሉ፣ ግፊት ከፍ ይላል፣ ደምም ለመርጋት ይቀርባል።

በዚህ ምክንያት የአንዲት ጎልማሳ ሴት ትንፋሽ ማጠር በእኛ አካባቢ ቢያንስ ሁለት አሳማኝ ምክንያት አለው፤ ለዓመታት የታጠነ ሳንባ ወይም የደከመ ልብ። ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሳንባ ብዙ ዓመት ሲታመምም የቀኙን ልብ ያደክማል።

ምድጃ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ ነው ወይ በሚለው ላይ ግን አስተያየቱ የተከፈለ ነው። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ በተካሄደ ሙከራ ለነፍሰ ጡሮች የጋዝ ምድጃ ሲሰጥ የሚተነፍሱት ብናኝ በእጅጉ ቀንሷል፤ ይሁንና የሕፃናቱ ከባድ የሳንባ ምች በጉልህ አልቀነሰም። ይህን ይዘው ምድጃ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። ሙከራው ግን ያተኮረው በአጭር ጊዜ ውስጥ በሚታዩ ውጤቶች ላይ ነው፤ የሥሮች መጠንከር የዓመታት ሥራ ስለሆነ ከዚያ ስለ ስትሮክ መደምደም አይቻልም። በከተማዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም መብራት ሲጠፋ ወደ ማገዶ ይመለሳል፤ ስለዚህ የመብራት አቅርቦት አስተማማኝነት የጤና ጉዳይም ነው።

ከፍታው ይሆን?

«ጎንደር ደጋ ስለሆነች ነው ትንፋሽ የሚያጥረን» የሚል አስተሳሰብም አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በእርግጥ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ላይ ቶሎ ሊደክም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ የአማራ ደገኞች ዘንድ የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸውም በቆላ ካሉ ሰዎች ብዙ አይለይም። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው አምና ይወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ ካቃተው፣ ዳገቱ ያው ነው፤ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ሰውነቱ ውስጥ ነው።

ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሳንባ

መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ስትሮክ ከደረሰ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ቀድሞ ደህና የነበረ ልብ እንኳ ምቱ ሊዛባና ጡንቻው ሊጎዳ ይችላል፤ አንጎል የልብን ምትና የደም ሥሮችን ግፊት ስለሚቆጣጠር እሱ ሲጎዳ ትእዛዙ ይታወካል። የታችኛው የአንጎል ግንድ ከተመታ የመተንፈስ ሥርዓቱ ራሱ ይናጋል። ከስትሮክ ከተረፉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ የሚቋረጥበት ችግር አለባቸው፤ ከባድ ማንኮራፋትና ቀን ማንቀላፋት ምልክቶቹ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የመዋጥ ችግር ነው። ስትሮክ ከያዛቸው ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትክክል መዋጥ አይችሉም። አስታማሚ ደግሞ በፍቅር የመጀመሪያ ሥራው ማጉረስ ነው፤ አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ ጋደም ባለው ታማሚ አፍ ውስጥ ያፈሳል። ወደ ሆድ መሄድ የነበረበት ወደ ሳንባ ይገባና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ ይጀምራል። የሳንባ ምች ከስትሮክ በኋላ ከሚገድሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። መከላከያው ርካሽ ነው። ነርሷ ታማሚውን ቀና አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ውሃ ትሰጠዋለች፤ ያስለዋል ወይ፣ ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ይሆናል ወይ፣ ውሃው በአፉ ጎን ይወርዳል ወይ ብላ ታያለች። ካለፈ መጠኑን ትጨምራለች፤ ካላለፈ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ ጉርሻ፣ እንክብልም ቢሆን፣ አደገኛ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ አንድ ክንዱ የዛለ ወይም ምላሱ የተሳሰረ ሰው ስትሮክ እንደያዘው መገመት አለበት። «መጋኛ መታው» ተብሎ የሚባክነው ሰዓት አይመለስም፤ ትልቅ ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብም ሕክምናውን አስቀድሞ ጸሎቱን አብሮ ማስኬድ ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ ለሚነሣ ሰው ይህ ጊዜ በመንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

እስከዚያው አስፕሪን መስጠት አይገባም፤ የፈሰሰ ደም ከሆነ ያባብሰዋል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ስለታየ ብቻ የግፊት መድኃኒት ደራርቦ ማዋጥም ስሕተት ነው፤ በተዘጋው ሥር ዙሪያ ያለው አንጎል በዚያች ሰዓት ደም የሚያገኘው በዚያ ከፍ ባለ ግፊት ነው። ኦክስጅን ሁሉንም ይጠቅማል የሚለው እምነትም ተፈትሿል። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ የስትሮክ ሕመምተኞችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣው ሙከራ፣ የኦክስጅን እጥረት ለሌለበት ሰው ኦክስጅን መስጠት የአካል ጉዳቱን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ያነሰበት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ሲሊንደር በሚያጥርበት ቦታ ይህ ልዩነት ለሌላው ሕመምተኛ ሕይወት ነው።

ጉልበቱ የት ይዋል?

አንዱ አስተያየት የስትሮክ ክፍል፣ ተጨማሪ ሲቲ ስካንና የልብ ቀዶ ሕክምና ይቅደም ይላል። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፤ ጠባብ ቫልቭ የመጨረሻ መፍትሔው ማስፋት ወይም መቀየር ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ስሙ ቢታወቅም ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሌላው አስተያየት ገንዘቡ በጤና ጣቢያዎች የግፊት መለኪያና መድኃኒት ላይ ይዋል ይላል።

ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው ደምቢያን የመታውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ፣ ገጠር ወርደው የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ለማሠልጠን ነበር። ያ አሠራር ለዛሬው ችግርም ይስማማል። «ትንፋሽ ያጥረኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ ለመጣ ሰው ሁሉ ግፊቱ ቢለካ፣ የእጁ ምት ሥርዓት አለው ወይ ተብሎ ቢዳሰስ፣ ልቡ ቢደመጥ፣ ጋደም ሲል ይብሰዋል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለልብ አልትራሳውንድ ማን መላክ እንዳለበት በአብዛኛው ይለያል። ለዚህ ማዳመጫ፣ የግፊት መለኪያና ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከለዩ በኋላ የሚመጣው ነው የሚከብደው። ዋርፋሪን የጀመረ የመተማ ወይም የበለሳ ገበሬ አይኤንአር ለማስመርመር በየጊዜው ከተማ መምጣት ካለበት፣ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ በጥቂት ወራት ያስቆመዋል። መድኃኒቱን ያለ ምርመራ መቀጠል ደግሞ ከማቆሙ የማይተናነስ አደጋ አለው። ምርመራው በጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ስላለው፣ ከወረዳ ሆስፒታሎች ጀምሮ እሱንና የማያቋርጥ የመመርመሪያ ወረቀት አቅርቦት ማድረስ ከአንድ አዲስ ሲቲ ስካን ይልቅ የብዙ ሰዎችን ስትሮክ ሊያስቀር ይችላል።